ፍሬኑ ዝም ያለ ቀን

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። መቐለ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት፣ መሪ ከጨበጥኩ ደግሞ ገና ሦስት ዓመቴ። ጉዞው ረጅም አይደለም። ከዓይናለም ተነሥቶ በኵሓ ዞሮ ወደ ከተማ መውረድ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ደርሶ መመለስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይኼም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል?» ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ደብረ ብርሃን የተመላለስኩባቸውን መንገዶች ሁሉ ረስቼ፣ ይቺን የአንድ ቀን መንገድ እስከ ዛሬ በየመታጠፊያዋ አስታውሳታለሁ።

የተነሣሁበት ጉዳይ አንድ ነበር፤ የሚጮኸውን የመኪናዬን ፍሬን በርካሽ ማሠራት።

መኪናዋ ባለቤቴ ትቶልኝ ያረፈ አሮጌ ኮሮላ ናት። እንቁላል እነግድባታለሁ፤ ከዓይናለም ሰፈር ከየቤቱ እየሰበሰብኩ ከተማ ላሉ ሱቆች አደርሳለሁ። ጩኸቱ የጀመረው ከዐቢይ ጾም በፊት ነው። በር ሲከፈት ሲጥ እንደሚለው እንዳይመስላችሁ። ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ጥርስ የሚያሳክክ፣ ሰማይ የሚሰነጥቅ ጩኸት ነው። ልጆች ጆሯቸውን ይዘው ይሸሻሉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ዘነበች፣ ዛሬ ደግሞ ማንን እያረድሽ ነው?» አለችኝ።

ጩኸቱን ለምጄው እኖር ነበር። ግን ቅዳሜ ማይጨው ሠርግ አለ። የባለቤቴ እናት እኅታቸውን ካዩ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ የእኅታቸው የልጅ ልጅ ልትዳር ነው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ አውቶቡስ መሳፈር አይሆንላቸውም፤ እኔ ነኝ የማደርሳቸው። ወደ ማይጨው ደግሞ አላጀ አለ። ሽቅቡን ወጥተህ ጨርሰህ፣ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዝክ የምትወርድበት ተራራ ነው። በሚጮህ ፍሬን አላጀን መውረድ አልደፈርኩም።

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ዓይናለም

አሥር ካርቶን እንቁላል ከኋላ ወንበር ላይ ደረደርኩ። ሠላሳ ሠላሳ ፍሬ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሺህ ብር አለ፤ የቀረውን እንቁላሉ ይሞላዋል ብያለሁ። ጾም የተፈታበት፣ ሠርግ በሠርግ የሆነበት ሰሞን ስለነበረ እንቁላል ይፈለግ ነበር።

የባለቤቴ አባት፣ ኣቦይ ካሕሳይ፣ በሩን ከፈቱልኝ። ኣቦይ ካሕሳይን ላስተዋውቃችሁ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓይናለም የውኃ ጉድጓዶች ላይ ፓምፕ ሲያንቀሳቅሱ፣ ሲጠርጉና ሲቀቡ ነው የኖሩት። ጡረታ ከወጡም በኋላ እጃቸው አያርፍም። የበሩ ማጠፊያ፣ የስፌት መኪናዬ፣ የጎረቤት ጋሪ፣ ድምፅ ያሰማ ነገር ሁሉ ከእሳቸው የግራሶ ቆርቆሮ አያመልጥም። ልጃቸው ካረፈ ወዲህ ደግሞ «ምራቴ» ብለውኝ አያውቁም። «ጓለይ» ነው የሚሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው።

ያን ጠዋት ፊታቸው በራ ብሎ ነበር።

«ኪዲ ጓለይ፣ በሰላም ሂጂ። ዛሬ ጆሮሽ ያርፋል» አሉኝ።

መካኒክ ቤት መሄዴን ያሉ መስሎኝ «አሜን» ብዬ ወጣሁ።

የሰፈራችን ኮረኮንች ላይ አንዲት ፍየል ገባችብኝና ፍሬን ረገጥኩ። ዝም። በጣም ደነገጥኩ፣ ግን የደስታ ድንጋጤ ነበር። ትንሽ ሄጄ ሆን ብዬ ደገምኩት። አሁንም ዝም! መስኮቱን ከፍቼ ሦስተኛ ሞከርኩ፤ ከጎማው ሥር የሚሰማው የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነው። መኪናዋ የምትቆመው ትንሽ ራቅ ብላ መሰለኝ። እንደዚያ ዝም ብሎ ሲይዝ ሰው የማይቆም ይመስለዋል ብዬ አለፍኩት። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ አለፍኩት።

እስከ ኵሓ ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ሁለት ሺህ ብሩን በሐሳቤ ስመነዝረው ሄድኩ። መካኒክ ቤት የምሄደው ለምንድነው? ለሙሽራዋ ጥሩ ነጠላ እገዛበታለሁ አልኩ። ለራሴም ጫማ አሰብኩ፣ አልዋሽም።

ሦስት ሰዓት፤ ኵሓ

ሁለት ካርቶን እንቁላል ለደንበኛዬ ሱቅ አስረክቤ አንድ ሺህ ብር ተቀበልኩ። አጠገቡ ካለች ጠባብ ቁርስ ቤት ፉል በላሁ፤ መቶ ብር፣ ዳቦው ሁለት ነው፣ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። ልነሣ ስል አንዲት በነጠላቸው ዶሮ የጠቀለሉ እናት መኪናዬን ሲያዩ አየሁ።

«ከተማ ነሽ ጓለይ?»

«አዎ፣ ይግቡ።»

«ዶሮዋስ?»

«እሷም ትግባ። ከኋላ እንቁላል አለ፣ ዘመድ ታገኛለች።»

ሳቁና ከፊት ገቡ። ኣደይ አልጋነሽ ይባላሉ፤ ልጃቸው ወልዳ አራስ ጥየቃ መሄዳቸው ነው። ዶሮዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ አንገቷን ብቻ አውጥተው፣ ስለ አራሷ ስለ ሕፃኑ እያጫወቱኝ ወጣን።

ቁልቁለቱ

ከኵሓ ወደ መቐለ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው ድንገት ያልቅና ከተማዋ ከሥርህ ተዘርግታ ትታያለች፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ መንገዱም ወደ እሷ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፊታችን ለስላሳ የጫነ የጭነት መኪና ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ፍሬኔን ረገጥኩ።

ፔዳሉ እግሬን ገፍቶ ቆመ። ጠንካራ ነው። ግን መኪናዋ አልሰማችም። አጥብቄ ረገጥኩ። የጭነት መኪናው የኋላ በር እየቀረበ፣ ሳጥኖቹ እየተለቁ መጡ።

«ቀስ በዪ እንጂ ጓለይ» አሉ ኣደይ አልጋነሽ።

«እየያዝኩ ነው ኣደይ!»

«ምኑን?»

«ፍሬኑን!»

ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ። ሁለቱም እግሮቼ ፔዳሉ ላይ ናቸው።

«ታዲያ እኮ አልያዘም» አሉ፣ ልክ ትኩሳት እንደሚለካ ሐኪም ረጋ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ማርሽ! ማርሽ ቀንሺ! ሦስተኛ! አሁን ሁለተኛ! ሞተሩ ይጩህ፣ ተዪው ይጩህ!»

ቀነስኩ። ሞተሩ አገሳ፣ እንቁላሎቹ ወደ ፊት ተንሸራተቱ፣ ዶሮዋ ከነጠላው ወጥታ ክንፏን በፊቴ ላይ አራገበች። የጭነት መኪናውን በግራ በኩል አልፈነው ስንወጣ ሹፌሩ የጮኸብኝን አልሰማሁትም፤ አፉ ሲከፈት ብቻ ነው ያየሁት።

«የእጅ ፍሬን! ባንዴ አትጎትቺ፣ ትገለብጪናለሽ፤ ቀስ፣ ቀስ! ሰብአየይ፣ ባሌ፣ ሃያ ዓመት ተሳቢ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ ኖሬ፣ ዛሬ በእንቁላል መኪና ልሙት?»

ቀጣዩ መታጠፊያ ታየኝ። በስተቀኝ፣ ከመንገዱ ዳር፣ እስከ ግማሽ የተገነባ ቤት አለ። ከፊቱ የአሸዋ ክምር።

«ወደ አሸዋው!» አልን፤ ማን እንደቀደመ አላውቅም።

መሪውን ወደ ቀኝ ሰበርኩት። አሸዋው መስታወቱን ሸፈነው። አንዳች ነገር አንገቴን ወደ ፊት ወርውሮ መለሰኝና ሁሉ ነገር ቆመ።

ከኋላ እንቁላል ይንጠባጠብ ነበር። ዶሮዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ኣደይ አልጋነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ኣይትፍርሒ» አሉኝ፤ አትፍሪ። «አለን።»

እጄን ከመሪው ላይ ማላቀቅ አልቻልኩም። ጣቶቼን አንድ በአንድ የፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።

የቤቱ ባለቤት እየሮጠ መጣ። መምህር ነው፤ ያን ቤት በየዓመቱ አንድ አንድ ግድግዳ እየጨመረ የሚሠራ። መጀመሪያ የወጣው ቃል «አሸዋዬ!» የሚል ነበር፣ አልፈርድበትም፤ ግማሹ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ሁለተኛው «ሰው ተጎዳ?» የሚል ነበር። ከዚያ ስለ አሸዋው ዳግመኛ አላነሣም። ውኃ አመጣልን፣ ለሚያውቀው መካኒክ ደወለ።

አራት ሰዓት ተኩል፤ ጎማው ሲፈታ

መካኒኩ ግርማይ ይባላል። ክሪኩንና የቁልፍ ሳጥኑን ይዞ በባጃጅ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ነገረኛ መልክ ያለው ሰው ነው። እስኪደርስ ስድስት ሰባት መንገደኛ ተሰብስቦ ነበር። የፊት ቀኙን ጎማ ፈታው፣ አወጣው፣ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ምነው?» አልኩት።

ጣቱን አስገብቶ አወጣና አሳየኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ግራሶ ይመስላል» አልኩ።

«አይመስልም፣ ነው። ዲስኩ ላይ! ሸራው ላይ! እንደ ዳቦ ተቀብቶ!» ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። «ስሚኝ ሓፍተይ፣ ስሚኝ እኅቴ፣ ፍሬን የሚይዘው ሸራው ዲስኩን ጨብጦ ሲፋተግ ነው። ግራሶ ከቀባሽው በምን ይጨብጥ? ይኼ ብልሽት አይደለም። ሰው በእጁ ነው የቀባው።»

የግራውን ፈታ። እሱም እንደዚያው።

«ሰው በእጁ» የምትለው ቃል ከቁልቁለቱ የበለጠ አስደነገጠችኝ። ቁልቁለቱ ላይ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ አሁን ግን ነበረኝ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ግርማይ ከጎማው ጀርባ እጁን ልኮ ሲዳብስ ድንገት እሳት እንደነካው መልሶ ሳበ። የፍሬኑ ቱቦ ላይ ቀጭን ጨርቅ ታስሯል። ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ሮጦ በግራው በኩል አየ። እዚያም ታስሯል፤ ያው ጨርቅ፣ ያው ሁለት ቋጠሮ።

«በስመ አብ!» አለች አንዲት ሴት፤ አማተበች።

«ድግምት ነው! እንዳትነኩት!»

«ፖሊስ ይጠራ።»

«ፖሊስ ምን ያደርግለታል፣ ቄስ ነው የሚጠራው።»

«ሁለቱም ይጠሩ» አለ ግርማይ። ቁልፉን መሬት አስቀምጦ እጁን አጣመረ። «እኔ አልነካውም፤ ልጆች አሉኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «ማነው የሚጠላሽ?»

ኣደይ አልጋነሽ ብቻ ናቸው ያልተበገሩት። ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «ድግምት ከሆነ የሠራው ሰው ሰነፍ ነው» አሉ። «ይኸው ቆመን እናወራለን።»

ሰው ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ማነው የሚጠላሽ? የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ይኼንንም ልጻፈው። ያን ሩብ ሰዓት ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ አነሣኋቸው። በእንቁላል ደንበኛ የተቀያየምኳትን አሰብኩ። በአጥር ወሰን የተጨቃጨቅኩትን አሰብኩ። «ማንን እያረድሽ ነው?» ያለችኝን፣ ሳቋን ሳይቀር መልሼ መረመርኩት። ከዚያ ደግሞ ወደማልፈልገው ቦታ ወረድኩ፤ ከሌላ አገር ስለመጣሁ፣ ቋንቋዬ ሌላ ስለሆነ ይሆን? አልኩ። መንገድ ሁሉ ተዘግቶ በነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ የመጨረሻ ስኳራቸውን በሲኒ ለክተው ያካፈሉኝ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ማንም ከየት መጣሽ አላለኝም። እኔ ግን ሁለት ቋጠሮ ጨርቅ አይቼ ሁሉንም በልቤ ከሰስኳቸው። በፍሬኑ ከደነገጥኩት ይልቅ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ያች ሩብ ሰዓት ናት።

መጨረሻ ላይ መምህሩ ተቆጣ። «ጨርቅ እኮ ነው! ፒንሳ አምጣ» ብሎ ከግርማይ ሳጥን ራሱ አነሣና ቋጠሮውን ፈትቶ አወጣው። ሁላችንም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸን። በፒንሳው ጫፍ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣው።

ሰማያዊ ነው። ነጭ ቀጭን መስመር አለው።

ያን ጨርቅ አውቀዋለሁ። የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ የኣቦይ ካሕሳይ የድሮ የሥራ ሸሚዝ ነው። አንገቱ ሲያልቅ መወልወያ ይሁን ብዬ በመቀስ ቆራርጬ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ተገለጠልኝ። ኣቦይ የፓምፕ ቤቱን ወግ ስንት ጊዜ አጫውተውኛል! ሠራተኞቹ በፈረቃ ነበር የሚገቡት። አንዱ ፓምፑን ቀብቶ ሲጨርስ ቁራጭ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ ያስርበታል፤ ተረካቢው ሲያይ «ይኼ ተቀብቷል፣ ሰው አይቶታል» ብሎ እንዲያልፍ። «ያልታሰረበት ፓምፕ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው» ይሉ ነበር እየሳቁ። ትናንት እሑድ እኔ ማኅበር ሄጄ ውዬ ነበር። «ዛሬ ጆሮሽ ያርፋል» ያሉኝም ለዚህ ነበር።

ሳቄም ዕንባዬም አብረው መጡ። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ፖሊስ አትጥሩ» አልኩ። «የቀባውን ሰው አወቅኩት። አባቴ ናቸው።»

ሰዉ ከድግምቱ ይልቅ በዚህ ደነገጠ።

«አባትሽ ሊገድሉሽ?» አለ ግርማይ።

«ሊያስደስቱኝ ነው እንጂ! ይጮህ ነበር፤ የሚጮህ ነገር አይወዱም።» የፓምፑን፣ የጨርቁን ነገር ነገርኳቸው። ግርማይ ያጣመረውን እጁን ፈትቶ ራሱን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተንበርክኮ ሁለተኛውን ቋጠሮ በእጁ ፈታው።

ስድስት ሰዓት፤ ቀዳማይ ወያነ

አሁን ሥራው ቀረ። ግራሶ የጠጣ ሸራ አይመለስም አለኝ ግርማይ። «ቤንዚን አርከፍክፈው እሳት ለኩሰው የሚያደርቁት አሉ። ከላይ ይደርቃል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል መልሶ ያልበዋል። እኔ አላደርገውም።» አዲሱ ሸራ ወደ አምስት ሺህ ይጠጋል። እጄ ላይ ያለው ሦስት ሺህ አይሞላም፤ ሁለት ካርቶን እንቁላል ደግሞ መኪናው ወለል ላይ ፈሷል። የቀሩኝ ስድስት ካርቶን ናቸው።

ስለዚህ ወደ ቀዳማይ ወያነ ላከኝ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡበት። ኣደይ አልጋነሽን በባጃጅ ወደ አራሷ ሸኘኋቸው፤ ስድስት እንቁላል በነጠላቸው ቋጠርኩላቸው። ሲሳፈሩ «በሚቀጥለው በእግሬ ነው የምመጣ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። እኔ ሁለት ካርቶን በሁለት እጄ ይዤ ወረድኩ። የቀዳማይ ወያነን ጠባብ መንገድ እንቁላል ተሸክሞ መሄድን ያልሞከረ አይስቅብኝ፤ ሰዉ ሁሉ በእግሩ ነው፣ ሁሉም ይገፋል፣ እኔም እንደ ታቦት ተሸካሚ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።

ባለ ሱቁ መነፅሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ነው። ከተፈታ መኪና የወጡ አራት ሸራዎች አውጥቶ ውፍረታቸውን በጥፍሩ ለካልኝ። ግማሽ ያህል ዕድሜ አላቸው።

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»

«ኣቦይ፣ እኔ እኮ እንቁላል ነጋዴ ነኝ።»

«ታዲያ እንቁላል ብሆን ኖሮ ትገዢኝ ነበር?»

ያሳቀኝን ያህል ጨክኖ ተከራከረ። መጨረሻ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብርና ሁለቱን ካርቶን ተቀበለ። እያንዳንዱን እንቁላል ወደ ብርሃን እያነሣ ሲያይ አይቼ «ሸራዎቹን እኔም እንደዚህ ላያቸው?» አልኩት። «አንቺ ጥፍር የለሽም» አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፤ እዚያው አሸዋ ዳር

ግርማይ ዲስኮቹን በቤንዚን አጥቦ፣ በሳሙና ደግሞ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትጓቸው ጠበቀኝ። ድሮ ለምን እንደሚጮህም አገኘው። ከሸራው ጀርባ የሚገባው ስስ ቆርቆሮ ጠፍቷል፤ ሸራው የሚንሸራተትባቸው ፒኖችም ደርቀዋል። ከአሮጌ ፍሬን ያወጣውን ቆርቆሮ አስተካክሎ ገጠመልኝ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የግራሶ ቆርቆሮ አወጣ!

ዘልዬ ተነሣሁ።

«ቁጭ በዪ» አለኝ እየሳቀ። ፒኖቹን ብቻ፣ የሸራውንም ጀርባ ብቻ፣ በስንጥር ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «እንደ ኩል። ከፊት ከነካ ሞት ነው፣ ከኋላ ከነካ ጩኸቱ ይጠፋል። አባትሽ መድኃኒቱን አውቀውታል፤ ቦታውን ነው የሳቱት።»

ለእጁ ስድስት መቶ ብር ከፈልኩት። ራሱ ነድቶ ቁልቁለቱን ሁለት ጊዜ ወረደው፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ። ሲረግጥ መኪናዋ እንደ ታዘዘች ሰው ቀጥ ትላለች። ዝምም ትላለች።

ስንለያይ «ለአባትሽ ንገሪያቸው» አለኝ።

«እንዴት ብዬ? በዚህ ዕድሜያቸው? ልቤን እንጂ ምኔን አልጎዱኝም።»

«ቅዳሜ ማይጨው ነኝ አላልሽም?»

«ነኝ።»

«እንግዲህ ለአላጀ ብለው ቢደግሙትስ?»

ቁልፉን ተቀብዬው መኪናዋን አስነሣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፤ ዓይናለም

መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳሰናዳ መጣሁ። «መካኒኩ ጥሩ ነው አለ፤ አመሰግናለሁ ኣቦይ» ልላቸው። በቃ። የሰው ደስታ ለምን ይገደላል?

በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጃቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገዋል።

«እህ? ሰማሽ?» አሉኝ ገና ሳልወርድ።

«ምኑን ኣቦይ?»

«ምንም! ምንም አልሰማሽም ኣይደል? እኔም አልሰማሁም!» እንደ ልጅ ሳቁ። «ትናንት ማኅበር ሳለሽ ነው። ሁለቱንም ጎማ ፈትቼ… ወገቤ ትንሽ ያዘኝ፣ ደሓን ነው። ጊዜ አጥሮኝ የኋላዎቹ ቀሩ። ለቅዳሜ እነሱንም እቀባቸዋለሁ።»

የኋላዎቹ። ያን ጠዋት ትንሽም ቢሆን የያዙልኝ፣ የእጅ ፍሬኑን ስስብ የሰሙኝ እነሱ ነበሩ። ያሰናዳሁት ውሸት አፌ ውስጥ ደረቀ።

«ኣቦይ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ነገርኳቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከፍየሏ ጀምሬ እስከ አሸዋው። የሰዉን ድግምት ማለት አጋንኜ እንዲስቁ ሞከርኩ፤ አልሳቁም። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን በዓይኔ ፊት ሲጠፋ አየሁት። እጆቻቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ።

«ብቻሽን ነበርሽ?» አሉ።

«አንዲት እናት አሳፍሬ ነበር።»

«ስማቸው?»

«ኣደይ አልጋነሽ።»

ስሙን በቀስታ ደገሙት። «ደሓን ድያ?»

«ደኅና ናቸው። ምንም አልሆኑም። መካኒኩም እኮ ግራሶ ቀባው ኣቦይ! ከኋላ ነው እንጂ፣ እንደ ኩል። መድኃኒቱን አውቀውታል ብሎ አደነቀዎት።»

«እንደ ኩል» አሉ። ግን አላጽናናቸውም። ቆይተው «ቦታው የቱ ጋር ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የመታጠፊያውን፣ ያላለቀውን ቤት ምልክት ነገርኳቸው። እራት አልበሉም። ለሚስታቸው የነገሩት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ እንድነግር አልፈቀዱልኝም።

ከዚያ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ፍሬን ሲጮህ ገና እየያዘ መሆኑን ተማርኩ። ያገለገለ ሸራ በእንቁላል እንደሚገዛም ተማርኩ። አንድ ሌላም አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩትን የሰፈር ሰው ለመጠርጠር ሩብ ሰዓት እንደበቃኝ ተማርኩ። በሳምንቱ ለዚያች በአጥር ላይ ለምትቀልድብኝ ጎረቤቴ አሥር እንቁላል ወሰድኩላት። «ለምኑ ነው?» አለችኝ። «እንዲሁ» አልኳት።

ከአሸዋው በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ኣቦይ ካሕሳይ ከቤት እንደወጡ ዋሉ። አካፋው ከቦታው የለም። ስምንት ሰዓት ገደማ መምህሩ ደወለልኝ። አንድ ሽማግሌ በእግራቸው መጥተው አስፋልቱ ላይ የተበተነውን አሸዋ ሲጠርጉና ወደ ክምሩ ሲመልሱ እንደዋሉ ነገረኝ። እንዲተዉት ለምኗቸው ነበር፤ አልሰሙትም። ማን እንደሆኑ ሲጠይቃቸው «የልጅቷ አባት ነኝ» አሉት። ውኃ ቢሰጣቸው እምቢ ብለው፣ ክምሩን በአካፋው ጀርባ ዙሪያውን መትተው አስተካክለው ሄዱ።

አሥር ሰዓት ላይ ገቡ። አካፋውን አጥበው ግድግዳው ጥግ አቆሙት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ምሳቸውን በሉ።